ሾትዌል ለምን ሌላ ፋይል ማናጀር ይከፍታል? የአንድ ፎቶ ቤት ጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ የጻፍኩት ሊኑክስ ላይ ፎቶ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ስለሚገጥመው ነው። ሾትዌል የሚባለው ፎቶ መደርደሪያ ፕሮግራም ፎቶው ያለበትን ፎልደር ክፈት ሲባል የተመረጠውን ሳይሆን ሌላ ፋይል ማናጀር (ፎልደር የሚከፍትና የሚያሳይ ፕሮግራም) ያመጣል። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው። ግን ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ዲፎልት» የሚለውን (ሲስተሙ ሌላ ካልተነገረው የሚከፍተውን ፕሮግራም) መቀየር ብቻውን አይፈታውም፣ ለምን እንደማይፈታው ደግሞ በአማርኛ ተጽፎ አላገኘሁም። የባለቤቶቹንና የሠራተኞቹን ስም ትቼዋለሁ።

ፎቶ ቤቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ትንሽ ፎቶ ቤት ነው። የፓስፖርት ፎቶ ያነሳሉ፣ ሠርግና ምርቃት ይሸፍናሉ፣ የቆየ ፎቶ ስካን አድርገው ያድሳሉ። ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ናቸው። ወደ ሊኑክስ ያዞራቸው የደንበኞች ፍላሽ ነው። ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ በየፍላሹ እየገባ ሥራ አስቁሟቸው ነበር። አሁን ሁሉም ላይ ሊኑክስ ሚንት ከሲናሞን ዴስክቶፕ ጋር ተጭኗል። ፎቶ የሚደረድሩት በሾትዌል ነው። ሾትዌልን ዮርባ የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ የአሜሪካ ድርጅት በ2009 ጀመረው፣ ዛሬ ግኖም በሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ፕሮጀክት ሥር ነው ያለው። ቀላል ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ አይከብድም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ያለ እሱ ቀሪው አይገባም። ሾትዌል ፎቶ ሲያስገባ ካልተነገረው በስተቀር በዓመት፣ በወርና በቀን ፎልደር ይከፋፍላል። ቀኑን የሚወስደው ከካሜራው ነው፣ ካሜራው ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሄደው። ደንበኛ መጥታ «ጥር 18 የተጋባነው» ስትል፣ የ2016ቱ ጥር 18 ሥራ ያለው 2024 ውስጥ፣ 01 ውስጥ፣ 27 ውስጥ ነው። ፊት ለፊት ሰው ቆሞ እየጠበቀ ይህን በጭንቅላት ማስላት ያስቸግራል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ፎልደር እየከፈቱ አይፈልጉም። ሾትዌል ውስጥ ፎቶውን በዓይን ያገኙታል፣ ራይት ክሊክ አድርገው «ሾው ኢን ፋይል ማናጀር» የሚለውን ይጫናሉ፣ ፎልደሩ ይከፈታል፣ ፋይሉም ተመርጦ ይታያል። በቀን ስንቴ እንደሚጫኑት እነሱም አያውቁትም።

የሚከፈተው ፋይል ማናጀር ኔሞ ነበር፣ ከሚንት ጋር የሚመጣው። የሚንት ሰዎች በ2012 ከግኖሙ ናውቲለስ ቀድተው ያወጡት ነው። ኔሞ ላይ የራስን ትእዛዝ ወደ ራይት ክሊክ ሜኑ ማስገባት ይቻላል። ለእነሱም ሁለት አስገብቼላቸው ነበር። አንዱ ፎቶውን ለቴሌግራም በሚሆን መጠን አሳንሶ ኮፒ ያወጣል፣ ሌላው የፓስፖርት ፎቶን ለህትመት ገጽ ላይ ይደረድራል። የካውንተሩ ሥራ የቆመው በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ችግሩ

ሠርግ የሚያነሳው ልጅ ዶልፊንን ጫነ። ዶልፊን የኬዲኢ ዴስክቶፕ ፋይል ማናጀር ነው። ልጁ የወደደው መስኮቱን ለሁለት ከፍሎ ከካርድ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጡን ነው። (ኔሞም ኤፍ3 ሲጫኑ ለሁለት ይከፈላል፣ እሱ ግን እጁ ዶልፊንን ለምዷል፣ ያለምክንያትም አይደለም፣ ብዙ ፋይል ሲገለብጥ ይመቸዋል።)

ከዚያ በኋላ ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ከሾትዌል ፎልደር ስትከፍት ዶልፊን መምጣት ጀመረ። የለመደቻቸው ሁለቱ ትእዛዞች ዶልፊን ውስጥ የሉም፣ የኔሞ ብቻ ናቸውና። በጎን ያስቀመጠቻቸው የፎልደር አቋራጮችም የሉም። ስልክ ደውላ «ጋሼ፣ ፎቶ ማሳነሻው ጠፋብኝ፣ ሰው ቆሞብኛል» አለችኝ።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ወጥ አለመሆኑ ነው። አንዳንድ ጠዋት ኔሞ ይመጣል፣ ከሰዓት ዶልፊን። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሲያበሩት ይስተካከላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ባለቤቱ ማሽኑ አርጅቷል ብሎ ደምድሞ ነበር። በእርግጥ ችግር አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ ሲያስቸግር ሰው ሃርድዌር ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

ሴቲንጉ ምንም አልነበረበትም

ማንም እንደሚያደርገው መጀመሪያ የሄድኩት ሲስተም ሴቲንግ ውስጥ «ፕሪፈርድ አፕሊኬሽንስ» የሚለው ጋ ነው። ፋይል ማናጀር በሚለው መስመር ላይ ኔሞ ተመርጧል። ወደ ሌላ ቀይሬ መልሼ ኔሞ አደረግኩት፣ ምንም ለውጥ የለም።

ቀጥሎ ተርሚናል ከፍቼ «ኤክስዲጂ-ማይም» በሚባለው ትእዛዝ የፎልደር ዲፎልት ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት የራሱ መለያ አለው፣ ፎልደርም እንደ አንድ ዓይነት ይቆጠራል፣ መለያውም «ኢኖድ/ዳይሬክቶሪ» ነው። መልሱ ኔሞ የሚል ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያለ ፎልደር ሁለቴ ክሊክ ሲደረግም ኔሞ ይከፈታል። በሲስተሙ በኩል ሁሉም ነገር ልክ ነው ማለት ነው፣ ሾትዌል ግን አሁንም ዶልፊንን ይጠራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፎቶ ፕሮግራሙን ይወቅሳል፣ አጥፍቶ እንደገና ይጭነዋል። እኔ ፋየርፎክስን ሞከርኩ። የወረደ ፋይል ላይ «ሾው ኢን ፎልደር» ስል ዶልፊን መጣ! ስለዚህ ነገሩ የሾትዌል ብቻ አይደለም። ሁለት የማይገናኙ ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት ነገር ካደረጉ ሁለቱም አንድ ቦታ ሄደው ነው የሚጠይቁት።

ወደ ፎልደር የሚያስገቡት ሁለት በሮች

ሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ አንድ ፕሮግራም ፎልደር የሚያስከፍትበት ሁለት የተለያየ መንገድ አለ።

አንደኛው «ይህን ፎልደር ክፈትልኝ» ነው። ያኔ ሲስተሙ የፎልደር ዲፎልት ማን እንደሆነ ያያል፣ እሱን ያስነሳል። ሴቲንግ ውስጥ የምንቀይረው ይህንን ብቻ ነው።

ሁለተኛው «ይህን ፋይል ያለበት ቦታ ላይ መርጠህ አሳየኝ» ነው። ለዚህ የመጀመሪያው መንገድ አይበቃም፣ ምክንያቱም ፎልደር ከመክፈት አልፎ ውስጡ ያለውን አንድ ፋይል መምረጥን አያውቅም። ስለዚህ ዴስክቶፖቹ የጋራ ደንቦቻቸው በሚወጡበት በፍሪዴስክቶፕ በኩል በአንድ የጋራ ስም ተስማምተዋል። ፕሮግራሞች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበት ዲ-ባስ የሚባል መስመር አለ፣ እዚያ ላይ «ፋይል ማናጀር 1» የሚል ስም የያዘ ፕሮግራም ጥያቄውን ይቀበላል። ሾትዌል የሚጠቀመው ይህን ነው። መልስ የሚሰጠው ካጣ ብቻ ነው ወደ መጀመሪያው መንገድ ተመልሶ ፎልደሩን ሳይመርጥ የሚከፍተው።

ችግሩ ያለው ስሙ ላይ ነው። ያንን ስም ኔሞም ይፈልገዋል፣ ዶልፊንም ይፈልገዋል፣ ናውቲለስና ቱናር የሚባሉት ሌሎች ፋይል ማናጀሮችም እንደዚሁ። አንድ ሰፈር ሁለት ደላላ ኖሮ «ደላላ!» ብሎ እንደመጣራት ነው፣ ቀድሞ የተገኘው ከች ይላል። ስሙን የያዘ ፕሮግራም አስቀድሞ ክፍት ከሆነ መልእክቱ ለእሱ ይሄዳል። ማንም ካልያዘው ዲ-ባስ ራሱ አንዱን ያስነሳል። የትኛውን? ሲስተሙ ውስጥ በተቀመጡ ትንንሽ የሰርቪስ ፋይሎች ያውቃል፣ ሁለት ፋይሎች እዚያው ፎልደር ውስጥ አንድ ስም ከጠየቁ ግን የትኛው እንደሚመረጥ የሚተማመኑበት ደንብ የለም።

ጠዋት ኔሞ፣ ከሰዓት ዶልፊን የሚሆነውም በዚህ ነው። ጠዋት የካውንተሯ ልጅ ኔሞን ከፍታ ከጀመረች ስሙ የኔሞ ነው። መስኮቱን ከዘጋችው ወይም የሠርጉ ልጅ በዚያው ማሽን ካርድ ሊገለብጥ ቀድሞ ዶልፊን ከከፈተ ስሙ ወደ ዶልፊን ይሄዳል። ማሽኑ ጤነኛ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን መስመሩን የሚያዳምጠውን «ዲባስ-ሞኒተር» ተርሚናል ላይ ከፍቼ ሾትዌል ውስጥ ተጫንኩ። መልእክቱ ሲያልፍ ይታያል፣ «ሾው አይተምስ» የሚል ጥያቄ፣ ከሥሩ የፎቶው አድራሻ። የፎቶ መደርደሪያው ዋና ፎልደር ስሙ «ፎቶዎች» ነው። አድራሻው ላይ ግን በአማርኛ አይታይም። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነ በፐርሰንት ምልክት ተቆራርጦ ዘጠኝ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። አራት ፊደሏ «ፎቶዎች» 36 ምልክት ሆና ትታያለች። ይህን ያየ ሰው የአማርኛ ስም ነው ያበላሸው ብሎ ፎልደሩን በእንግሊዝኛ ሊቀይር ይችላል። አያስፈልግም፣ ሁለቱም ፋይል ማናጀሮች በትክክል ያነቡታል። ቀይረውት ቢሆን ኖሮ ጭራሽ ሾትዌል ፎቶዎቹን ያጣቸው ነበር።

የተወሰደው እርምጃ

ሦስት ምርጫ ነበር።

ቀላሉ ዶልፊንን ማጥፋት ነው። ማንም የማይጠቀምበት ቢሆን ይህንኑ አደርግ ነበር፣ እናንተም አድርጉ። ግን ልጁ በየሳምንቱ መጨረሻ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ይገለብጥበታል። ለካውንተሩ ብሎ የእሱን መሣሪያ መንጠቅ ልክ አልመሰለኝም።

ሁለተኛው ሲስተሙ ውስጥ ያለውን የዶልፊን ሰርቪስ ፋይል መሰረዝ ነው። ይሠራል፣ ግን እስከሚቀጥለው አፕዴት ድረስ ብቻ። ዶልፊን አዲስ ስሪት ሲመጣለት ፋይሉ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ያኔ ደግሞ ማን ምን እንደነካ የሚያስታውስ የለም።

ሦስተኛውን መረጥን። ዲ-ባስ የሰርቪስ ፋይሎችን ሲፈልግ ከሲስተሙ በፊት የተጠቃሚውን የራሱን ሆም ፎልደር ያያል፣ እዚያ ያገኘውን ያስቀድማል። ስለዚህ በሆም ውስጥ ያለውን ድብቁን «ሎካል» ፎልደር (ኔሞ ላይ ኮንትሮልና ኤች ሲጫኑ ይታያል፣ ስሙ በነጥብ ይጀምራል)፣ በውስጡ «ሼር»ን ከፈትን። እዚያ ውስጥ «ዲባስ-1»፣ በእሱም ውስጥ «ሰርቪስስ» የሚል ፎልደር ፈጠርን። ከዚያ ኔሞ ራሱ ሲስተሙ ውስጥ ያስቀመጠውን የሰርቪስ ፋይል እንዳለ ገለበጥንበት። በእጅ ምንም አልጻፍንም፣ ፊደል የመሳሳት ዕድልም የለም። ሎግ አውት አድርገን ተመልሰን ገባን።

ምንም ፋይል ማናጀር ሳይከፈት ከሾትዌል ተጫንን። ኔሞ መጣ፣ ፎቶውም ተመርጦ ታየ። ፋየርፎክስም ተስተካከለ።

ግማሽ የቀረው

ይህ የሚፈታው ማንም ስሙን ያልያዘበትን ሁኔታ ብቻ ነው። ዶልፊን ቀድሞ ክፍት ከሆነ አሁንም ስሙን ይይዘዋል፣ ሾትዌልም ወደዚያው ይሄዳል። ይህን እዚያው ሞክረን አየነው፣ ልጅቷም «ይኸው፣ መጣ ደግሞ» አለች።

ለዚህ ያደረግነው ኔሞን «ስታርታፕ አፕሊኬሽንስ» ውስጥ ማስገባት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አካውንታቸው ውስጥ ሲገቡ ኔሞ የፎቶ ፎልደሩ ላይ ይከፈታል፣ ስሙን ይይዛል። ዶልፊን በኋላ ቢከፈት ስሙን አይነጥቀውም። የቀኑን ሥራ የሚጀምሩት ከዚያው ፎልደር ስለሆነ መስኮቱ ክፍት መሆኑ አልከበዳቸውም፣ ዝቅ አድርገው ይተዉታል። የኔሞ መስኮቶች በሙሉ ከተዘጉና ዶልፊን ክፍት ከሆነ ግን ስሙ ያልፋል። ለባለቤቱም ይህንኑ ነገርኩት። ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው የሠርጉ ልጅ የራሱ አካውንት ሲከፈትለት ነው፣ በኋላም እንደዚያ አደረጉ።

ሳንፈልገው ያገኘነው

የጉዳዩ ትልቁ ጥቅም ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ኔሞ ተመልሶ ሁሉም ደስ ብሎት ሳለ ልጅቷ የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ልታሳየኝ ከሾትዌል ከፈተችው። ሾትዌል ውስጥ ፊቷ ደምቋል፣ ጠርዙ ተቆርጧል። ኔሞ ላይ የተመረጠው ፋይል ግን ጨለም ያለ፣ ያልተቆረጠ፣ ከካሜራ እንደወጣ ነው።

ሾትዌል ዋናውን ፋይል አይነካም። ያደረግነው ማስተካከያ ሁሉ፣ መቁረጡም ብርሃኑም፣ የሚቀመጠው በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ ነው፣ ፎቶውን ስናይ ያኔውኑ ይጨምርበታል። ጥሩ አሠራር ነው፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ወደ ዋናው መመለስ ይቻላል። ግን «ሾው ኢን ፋይል ማናጀር» የሚወስደን ወደ ዋናው ፋይል ነው። ከዚያ ገልብጦ ለደንበኛ በፍላሽ መስጠት ማለት ያልተሠራውን ፎቶ መስጠት ነው። አንዳንድ ደንበኞች «እዚያ ያሳያችሁን ሌላ፣ የሰጣችሁን ሌላ» እያሉ ተመልሰው ይመጡ እንደነበር ያን ጊዜ ተነሳ። ሠራተኞቹ የስክሪኑ ቀለም ነው ብለው ነበር የሚያስረዱት። ነገሩን የሚያወሳስበው በሾትዌል በኩል ወደ ጊምፕ (ሌላ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) የተላኩት ፎቶዎች ናቸው። ለእነሱ ሾትዌል «ሞዲፋይድ» የሚል ቃል ስሙ ላይ የተጨመረበት ሌላ ፋይል ከዋናው ጎን ያስቀምጣል፣ ስለዚህ አንዳንዱ ፎቶ ተስተካክሎ አንዳንዱ ሳይስተካከል ነበር የሚወጣው።

መፍትሔው ኤክስፖርት ነው። ሾትዌል ውስጥ የሚሰጡትን ፎቶዎች መርጦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢ መጫን፣ መጠንና ጥራት መምረጥ፣ ደንበኛው ፍላሽ ላይ ወይም «ለደንበኛ» የሚል ፎልደር ላይ ማስቀመጥ። የእኔ ሁለት የኔሞ ትእዛዞችም አሁን የሚሠሩት በዚያ ፎልደር ላይ ነው። የሚገርመው፣ ይህን አሠራር ሲለምዱ ከሾትዌል ወደ ፋይል ማናጀር የሚሄዱበት ጊዜ በጣም ቀነሰ። መጀመሪያ ስልክ ያስደወላቸው ችግር ባይፈታም ኖሮ ያን ያህል አይጎዳቸውም ነበር ማለት ነው።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

የተሳሳተ ፕሮግራም ሲመጣ መጀመሪያ የትኛው በር እንደሆነ ለዩ። ፎልደር ሁለቴ ክሊክ ሲደረግም የሚሳሳት ከሆነ የፎልደር ዲፎልቱ ነው። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ኦፕን ዊዝ» ገብቶ መቀየር ይበቃል። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ኮድ መጻፊያ ወይም የዲስክ መጠን ማሳያ ፕሮግራም ፎልደር መክፈት እችላለሁ ብሎ ሲመዘገብ ነው። ሁለቴ ክሊኩ ልክ ሆኖ «ሾው» የሚለው ብቻ ከተሳሳተ ግን ሴቲንግ ውስጥ አትድከሙ፣ የዲ-ባስ ስሙ ነው። ፋየርፎክስ ላይ መሞከር ተርሚናል ለማይወድ ሰው ጥሩ መለያ ነው።

ፎቶ ፕሮግራሙን አጥፍቶ መጫን ለሁለቱም አይረዳም። በዚህ መሀል ዳታቤዙን የሚሰርዝ ሰው ደግሞ የሾትዌል ማስተካከያዎቹን ሁሉ ያጣል። ከመንካታችሁ በፊት ሆም ውስጥ፣ «ሎካል»፣ «ሼር»፣ «ሾትዌል» የሚለውን ፎልደር ኮፒ አድርጉ።

ፋይል ማናጀር ውስጥ ከገባችሁ በኋላ የፎቶዎቹን ስም አትቀይሩ፣ ወደ ሌላ ፎልደርም አታንቀሳቅሱ። ሾትዌል ፎቶውን የሚያውቀው ባለበት ቦታ ነው፣ ሲያጣው «ሚሲንግ ፋይልስ» ውስጥ ያስገባዋል። ፎልደሩን እንዲከታተል በፕሪፈረንስ ካልተነገረው ተንቀሳቅሶ የሄደበትን ፈልጎ አያገኝም።

በፍላትፓክ (ፕሮግራምን ከቀሪው ሲስተም ለይቶ በሚጭነው መንገድ) የተጫነ ፎቶ ፕሮግራምም ቢሆን ጥያቄው ፖርታል በሚባለው አማላጅ በኩል ዞሮ የሚደርሰው ወደዚያው ስም ነው፣ ስለዚህ ያው መፍትሔ ይሠራል።

የሰርቪስ ፋይሉ ያለው በተጠቃሚው ሆም ውስጥ በመሆኑ አፕዴት አያጠፋውም፣ ለሌላ አካውንት ግን አይሠራም። ፎቶ ቤቱ ተለማማጅ ሲቀጥር አዲስ አካውንት ይከፍትለታል። ያኔ ያንን አንድ ፋይል መገልበጥና ኔሞን ስታርታፕ ውስጥ ማስገባት እንዳይረሳ ከሁለቱ የኔሞ ትእዛዞች ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጬላቸዋለሁ።